ተንቀሳቃሽ የድምፅ መለወጫ አመራረጥና የኢኳላይዘር ጥያቄ



እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7 ያለ ጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ለገበያ ከቀረበና አያሌ አምራቾችም ፈለጉን ከተከተሉ ወዲህ፣ ዲጂታሉን ቁጥር ወደ አናሎግ ምልክት የሚለውጠው ክፍል ከስልኩ ሆድ ወጥቶ ራሱን የቻለ ዕቃ ሆኗል። በዚህም ምክንያት ቀድሞ ብዙ ሰው ያላሰበበት ጥያቄ ለገዢው ቀርቦለታል፤ ይኸውም የትኛውን ልግዛ የሚል ነው።

ከሻጩ ዘንድ መልሱ በሣጥኑ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ 32 ቢት፣ 768 ኪሎ ሄርትዝ ይላል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ኮምፓክት ዲስክ 16 ቢትና 44.1 ኪሎ ሄርትዝ ብቻ ይዞ፣ የሰው ጆሮ የሚሰማውን እስከ 20 ኪሎ ሄርትዝ ይሸፍናል፤ በደካማውና በኃይለኛው ድምፅ መካከልም 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይሰጣል። መሐንዲስ ሊመረምር የሚገባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን፣ አንዳንዴም ጭራሹን ያልተጻፈውን ነው፤ ይኸውም የመውጫውን ቮልቴጅና ኢምፔዳንስ።

የመውጫ ኢምፔዳንስ ከጭነቱ ጋር ቮልቴጅ ይካፈላል። በጆሮ ውስጥ ከሚገቡት ማዳመጫዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ኢምፔዳንሳቸው ከድግግሞሽ ጋር ይዋዥቃል። በአንዱ ድግግሞሽ 8 ኦም፣ በሌላው 40 ኦም የሆነ ማዳመጫ 10 ኦም ካለው መሣሪያ ጋር ቢገናኝ፣ በሁለቱ መካከል 5 ዴሲቤል ያህል መዛባት ይፈጠራል። መሣሪያው 1 ኦም ቢሆን ግን መዛባቱ ከ1 ዴሲቤል ያንሳል። የመጀመሪያውን የገዛ ሰው ሳያውቀውና ሳይፈልገው ኢኳላይዘር ገዝቷል ማለት ነው።

«ምልክቱ ሳይነካ ይደመጥ» የሚሉ ወገኖች ይህን የዘነጉት ይመስላል። በሚገባ የተሠራ መለወጫ በሚሰማው ክልል የሚያዛባው ከአንድ ዴሲቤል ክፍልፋይ አያልፍም፤ ማዳመጫው ግን ብዙ ዴሲቤል ያዛባል። በሾን ኦሊቭ የተመራው የሐርማን ኩባንያ ምርምር እንዳመለከተው፣ አብዛኛው አድማጭ የሚመርጠው ማዳመጫ በጥሩ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ጥሩ ድምፅ ማጉያ ከሚሰጠው ጋር የሚቀራረበውን ነው። ወደዚያ ለመድረስ ኢኳላይዘር ርካሹ መንገድ ነው።

ርካሽ ይሁን እንጂ ዋጋ አለው። ባስን በ6 ዴሲቤል ማሳደግ ቮልቴጁን እጥፍ ማድረግ ነው፤ ከዲጂታሉ ጣሪያ በላይ ግን ቦታ የለምና፣ ሞገዱ እንዳይቆረጥ ምልክቱን በሙሉ አስቀድሞ በ6 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ያሻል። እንግዲህ 1 ቮልት የሚሰጠው መሣሪያ ከባሱ በቀር ለሌላው ድምፅ ግማሽ ቮልት ብቻ ይቀረዋል። ለ32 ኦም ማዳመጫ ይህ ብዙውን ጊዜ ሲበቃ፣ ለ300 ኦሙ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ኢኳላይዘር ለመጠቀም ያሰበ ሰው ውሳኔውን ከግዢው በፊት ሊያደርግ፣ ትርፉንም ገንዘብ በቢት ቁጥር ሳይሆን በቮልት ላይ ሊያውለው ይገባል።

ኢኳላይዘር የማይፈታው ነገርም አለ። የማዳመጫው ጐማ ከጆሮ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ ባሱ ያመልጣል፤ መድኃኒቱ ሌላ ጐማ ነው። በአሮጌ ካሴት ላይ ያልተቀረጸውን የከበሮ ጉልበት ፍለጋ ቁልፉን ቢያዞሩትም ጉርምርምታ እንጂ ከበሮ አይገኝም። ከ8 ኪሎ ሄርትዝ በላይ ደግሞ የጆሮ ቅርጽ ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ የሌላ ሰው ጠባብ እርማት ሊያበላሽ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው፣ ባስ የጐደለ የመሰለው አድማጭ ድምፁን በሙሉ ከፍ የሚያደርግ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረጉት መመዘኛ ለአዋቂ 80 ዴሲቤልን በሳምንት ለ40 ሰዓት ይፈቅዳል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በ89 ዴሲቤል የሚያዳምጥ ሰው የተፈቀደለት በሳምንት 5 ሰዓት ብቻ ነው።