ጥሩምባ የማይሰማበት ቤት



ሰቆጣ ላይ ቤት ለመግዛት የምታስቡ ስላላችሁ የራሴን ላጫውታችሁ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የሚሸጠው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለምና፣ ገዢ ሁሉ ቆርቆሮና ግድግዳ ሲመረምር ይውላል። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ከከተማው ዳር፣ ከቦረቦሩ ማዶ፣ ረከስ ያለ ቤት በጥር ወር አየሁና ገዛሁ። በጥር እኮ ቦረቦሩ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ደረቅ አሸዋ ነው! ሐምሌ ሲገባ ደራሽ ውኃ መንገዴን ቆረጠው።

ይህስ ይቻል ነበር። አንድ ማለዳ የዕድራችን ለፋፊ ጥሩምባ ነፍቶ ኖሮ ከኔ ዘንድ አልደረሰም። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ የነበረ ሰው መቀበሩን የሰማሁት በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ነው። ቅጣቱንስ ከፈልሁ፤ ባለቤቱን ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እንግዲህ የምትገዙ ሰዎች፣ ቦታውን በክረምት እዩት፤ ሰፈርተኛው ውኃ ከየት እንደሚቀዳ ጠይቁ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም አጣሩ፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፣ የሽማግሌ ቃል ብቻውን አይበቃም። ከዚያ ማለዳ ደጁ ላይ ቆማችሁ የየትኛው ዕድር ጥሩምባ እንደሚሰማ አድምጡ። እኔማ አሁን ለሁለት ዕድር እከፍላለሁ፤ ከአሮጌው ሰፈር አንድ ልጅ ደግሞ በስልክ እንዲጠራኝ ለምኜዋለሁ።