ለቤተሰብ ሽርሽር የሚሆኑ ሥፍራዎች በወልድያና በአካባቢዋ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



 ልናገር ያሰብሁት ስለ ቤተሰብ ሽርሽር ነው። «ተማሪ ስለ ትምህርቱ እንጂ ስለ ሽርሽር ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም፤ ሆኖም እስከ ፍጻሜው እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ወልድያ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ መቀሌም ሆነ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ብዙ መንገደኛ በእርስዋ በኩል ያልፋል። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ እንግዶች የጫነ መኪና ሲያልፍ አየና «እነዚህ ሰዎች ወዴት ይሄዳሉ?» ብሎ እናታችንን ጠየቃት። «ላሊበላን ሊያዩ ነው» አለችው። «እኛስ መቼ እናያለን?» ቢላት ዝም አለች። እናቴ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ልጆች አሳድጋለች፤ ነገር ግን ከእኛ ጋራ ለመናፈስ አንድ ቀን እንኳ ወጥታ አታውቅም። በዓል ሲመጣ አባት ከወዳጆቹ፣ ልጆችም ከእኩዮቻቸው ጋራ ይውላሉ፤ እናት ግን ከማድ ቤት አትወጣም። ይህ የእኛ ቤት ነገር ብቻ አይመስለኝም።

«ሽርሽር የባለጸጋ ነው» ለሚሉ መልሴ ይህ ነው። ለግማሽ ቀን የሚሆን በከተማችን አለ፤ ይኸውም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም ነው። ጨዋታ በሚኖርበት ቀን አባት ወንዶች ልጆቹን ብቻ ሳይሆን እናትንና ሴቶች ልጆቹንም ይዞ ቢሄድ ምን ይከፋል?

ለአንድ ቀን የሚሆን ደግሞ የሀብሩዋ መርሳ ናት። ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በፍራፍሬዋ የታወቀች ሞቃት አገር ናት። ከቤት የተቋጠረ ምሳ ይዞ ሄዶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማንጎና ፓፓያ መብላት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከዚያም አልፎ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ሐይቅ ይገኛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም በዚያ ነው። ገዳሙ ሴቶችን አያስገባምና ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ ውሃው ዳር ግን ቤተሰብ ሁሉ አብሮ ይናፈሳል።

በነሐሴ አጋማሽ ከፍልሰታ ጾም ፍች ጀምሮ ልጃገረዶች በቆቦ ሶለልን፣ በላስታ አሸንድዬን ይጫወታሉ። ይህ ጨዋታ የመግቢያ ዋጋ የለውም። ሁለት ቀን ያለው ቤተሰብ ደግሞ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ ይጓዛል። ከአለት የተፈለፈሉት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ዓለም ባሕር ተሻግሮ የሚያየውን ጎረቤቱ ሳያየው መቅረቱ ያሳዝናል።

አንድ ነገር ግን አልዘነጋም። ወልድያ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነት ውስጥ ያለፈች ከተማ ናት፤ ከዚያም ወዲህ በክልላችን መንገድ ሁልጊዜ ክፍት አልሆነም። ስለዚህ ማንም ሰው ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ፤ ሰላም በሌለበት ቀን የቅርቡ ይበቃል። ደግሞም በዚያ ዘመን ብዙ ልጆች ከቤት መውጣትን የሚያውቁት በሽሽት ነበር። እነዚህ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋራ በደስታ መውጣትን እንዲያውቁ ያስፈልጋል።

እንግዲህ የተከበራችሁ ወላጆቻችን ሆይ፣ ልመናችን ትንሽ ናት፤ ከዓመቱ በዓላት አንዱን ለቤተሰብ መዋያ አድርጉልን። እኔና ወንድሜ ለመርሳ መሳፈሪያ የሚሆን ሳንቲም ማጠራቀም ጀምረናል። የዚያን ቀን ምሳውን የምናሰናዳው እኛ ነን፤ እናታችን ባዶ እጅዋን ትሄዳለች።

ፈጣሪ ሰላሙን ያብዛልን።