ሳይጠሩት አቤት የሚል መልእክት

(የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ያሰሙት ንግግር)



የክበባችን ሥራ ለብዙዎቻችሁ የታወቀ ነው፤ ይኸውም ያረጁ ኮምፒዩተሮችን እንጠግናለን፤ ታናናሾቻችን በፊደላችን በኮምፒዩተር እንዲጽፉ እናስተምራለን፤ የወላጆች ስልክ ሲያስቸግርም እንመለከታለን። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ጥገና ሳይሆን ስለ ሕግ ነው። ተማሪ ስለ ሕግ ምን አገባው የሚል ቢኖር፥ ወደዚህ ነገር ያደረሰንን በመጀመሪያ እንናገር።

ከአባሎቻችን የአንዱ እናት በጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸው። በስልካቸው የሚሞሉት ሒሳብ ሳይደውሉበት እያለቀ ስላስቸገራቸው፥ «የምትጨርስብኝ አንተ ነህ» እያሉ ልጃቸውን ብዙ ጊዜ ተቈጡት። ልጁም ስልኩን ወደ ክበባችን አመጣው። ብንመረምረው፥ ያልጠየቁት መልእክት በየቀኑ እየገባ 2 ብር ይቈርጥባቸው ነበር። መልእክቱን ለማቋረጥ የሚላከው ቃል ከግርጌ ተጽፏል፤ ነገር ግን የተጻፈው እርሳቸው በማያነቡት በእንግሊዝኛ ነው። የተቈረጠው ገንዘብ አልተመለሰም። እኛን ይበልጥ ያሳዘነን ግን ልጁ ባላጠፋው ጥፋት መወቀሱ ነው።

«ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው መልእክት የተነገረ ይመስላል። በውጭ አገር ስፓም ይሉታል። ታሪኩም አጭር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት 1978 አንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ ሻጭ በአርፓኔት መረብ ለነበሩ 400 ያህል ሰዎች የሽያጭ ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። በሚያዝያ 1994 ደግሞ በአሪዞና የሚኖሩ ባልና ሚስት ጠበቆች፥ እኛ ዲቪ ስለምንለው የአሜሪካ መኖሪያ ፈቃድ ዕጣ የሚያወራ ማስታወቂያ በብዙ ሺህ የውይይት ሰሌዳዎች ላይ በተኑ። ስለዚህ በዲቪ ስም የሚመጣ ያልተጠራ መልእክት ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ነገሩ የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። በፖስታ የሚጽፍ ሰው ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ቴምብር ይገዛል፤ በኢሜይል የሚልክ ግን ለአንድ ሰውም ለሚሊዮንም ቢልክ ወጪው እጅግ ጥቂት ነው፤ ድካሙ የሚወድቀው በተቀባዩ ላይ ነው። ደግሞም በ1982 የተጻፈው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ፥ ላኪው «እኔ እገሌ ነኝ» ሲል ሳይመረምር ይቀበል ነበር፤ የማረጋገጫው ዘዴ የተጨመረው ኋላ ነው።

መፍትሔው የመሣሪያ ጉዳይ ነው ያሉም ነበሩ። በ2002 ፖል ግራሃም የተባለ የፕሮግራም ዐዋቂ፥ ኮምፒዩተር የቃላቱን ብዛት እየቈጠረ ጥሩውን ከመጥፎው እንዲለይ የሚያደርግ ዘዴ አስፋፋ፤ ብዙም ረዳ። በ2004 ቢል ጌትስ ችግሩ በሁለት ዓመት እንደሚወገድ በዳቮስ ተናገሩ። ሁለቱ ዓመት ካለፈ ቈየ፤ ስፓም ግን አልጠፋም። ወንፊት እህልን ይለያል እንጂ ገለባ የሚቀላቅለውን ሰው አይከለክልም፤ ለእርሱ ሕግ ያስፈልገዋል።

በሕግም ቢሆን አገሮች አንድ መንገድ አልያዙም። በ2003 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፥ ተቀባዩ «በቃኝ» እስኪል ድረስ መላክን ይፈቅዳል፤ ሲልም ላኪው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ማቆም አለበት። በዚያው ዓመት የወጣው የአውስትራልያ ሕግ ግን አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅን ያዝዛል፤ የስልክ አጭር መልእክትንም ይጨምራል። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958፥ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ኢሜይል ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ እንደሚደርስበት ደነገገ። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ኢሜይል ሲሆን፥ የጉልት ነጋዴዋን እናት የጐዳቸው የስልክ መልእክት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲደነገግ እንመኛለን። አንደኛ፥ የስልክ መልእክትም እንደ ኢሜይል ያለ ፈቃድ እንዳይላክ። ሁለተኛ፥ ማቋረጫው ተቀባዩ በሚያነበው ቋንቋና ያለ ክፍያ እንዲሆን። ሦስተኛ፥ ተቀባዩ መፍቀዱን ላኪው ያስረዳ፤ ካላስረዳም የቈረጠውን ይመልስ።

ይሁን እንጂ ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ራሳችንን እንመርምር። ዓምና ክበባችን የባዛሩን ጥሪ ለወላጆች ሁሉ ሳይጠይቅ ሦስት ጊዜ ልኳል፤ ስለዚህ ይቅርታ እንለምናለን። ደንብ ከቤት ይጀመር ዘንድ፥ ትምህርት ቤታችን የሰበሰበውን የወላጆች ስልክ ቁጥር ለማንም ነጋዴ እንዳይሰጥ፥ ክበቦችም ፈቃዱን ለሰጠ ወላጅ ብቻ እንዲልኩ የሚያዝዝ አንድ ገጽ ደንብ አርቅቀን ዛሬ ለርእሰ መምህሩ እናቀርባለን።

ወላጆቻችን ሆይ፥ እስከዚያው ድረስ ያልጠየቃችሁት ዕጣ ደረሳችሁ ቢላችሁ አትመኑ፤ የምሥጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ፤ ሒሳባችሁም ሳትደውሉ ቢያልቅ ልጃችሁን ከመቈጣታችሁ በፊት ስልካችሁን ለክበባችን አሳዩ፤ ያለ ዋጋ እንመለከትላችኋለን።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር!