እሷ ለአገር ነው፤ አንቺስ?
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ቁጠባ እንድናገር ነበር የጠየቀችኝ። ይቅርታ ታድርግልኝና ዛሬ የማወራው ስለ ብስክሌት ነው።

ያደግሁት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ለብስክሌት እንደሷ የተመቸ ከየት ይገኛል? ወንድሜ በሰዓት እየተከራየ ሐይቁ ዳር ሲነዳ ይውል ነበር። እኔ በ12 ዓመቴ አንድ ቀን ብወጣበት እናቴ ጆሮዬን ይዛ ቤት አስገባችኝ። «ክብርሽን ልታጠፊ ነው? ነገ ማን ያገባሻል?» አለችኝ። ምን እንደፈራች ታውቃላችሁ። ስንቶቻችን በዚሁ ፍርሃት ዛፍ ከመውጣት፣ ገመድ ከመዝለል ተከልክለናል! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የድንግልና ምርመራ የሚባለው ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው አስታውቋል። ለእኔ ግን ዘግይቶ ነው የደረሰው።

በዚያው ክረምት፣ በ1984 ዓ.ም.፣ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ አመጣች። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ጊዜው አሁን ነው ብዬ ስለ ብስክሌቱ እንደገና ለመንኳት። «እሷ ለአገር ነው የሮጠችው፤ አንቺስ ለማን ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለራሴ፣ ደስ ስለሚለኝ ማለት ያኔ ከስርቆት ይብስ ነበር።

ዛሬ ልጄ ብስክሌት አላት፤ የገዛላት አባቷ ነው። ማንም ምንም አላላትም። ባለፈው ወር «እማዬ፣ ነይ ላስተምርሽ» ብላ እሁድ በማለዳ አወጣችኝ። ሁለቴ ወድቄ ጉልበቴ ተላጠ። ሦስተኛው ላይ ግን፣ እህቶቼ፣ ነዳሁት! ነፋሱ ነጠላዬን ሲወስደው እንኳ አልቆምኩም።

ሰኞ ዕለት ወሬው ደረሰኝ፤ «የሦስት ልጆች እናት በዚህ ዕድሜዋ ምን ነካት?» ተብሏል። ያለችውም ከእኛው መካከል ናት፤ ስሟን አልጠራም፣ አልተቀየምኳትምም። ለልጆቻችን የፈቀድነውን ለራሳችን ገና አልፈቀድንም መሰለኝ። ብቻችንን ካፌ ገብተን ሻይ ስንጠጣ እንኳ ሰው የምንጠብቅ እንመስላለን።

እናቴም በረንዳው ላይ ሆና አይታኝ ነበር። «ቀስ በይ» ብቻ አለችኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር እንገኛለን። ልጄ ብስክሌቷን ታውሰናለች። ሱሪ የሌላት ከእኔ ትውሰድ።