ሰውን ከሰውነት ተራ ስለ ማውጣት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



ወደፊት ሊመጣ የሚችለውን ክፉ አገዛዝ በልብ ወለድ የሚያሳዩ የውጭ አገር ደራሲዎች አሉ። ከእነርሱም አንዱ ሩሲያዊው ዛምያቲን «እኛ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ለሰዎቹ ስም አልሰጣቸውም፤ የሚጠሩት በቁጥር ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌልም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ባሳተመው «1984» በተባለው መጽሐፍ፣ መንግሥት የጠላው ሰው ከመዝገብና ከጋዜጣ ሁሉ ተፍቆ ከቶ እንዳልተወለደ ይቆጠራል። የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም ሰውን እንደ ዕቃ ሊገዛ የሚሻ መንግሥት ስሙን ይነጥቀዋል።

ይህ የፈጠራ ወሬ ነው የሚል ቢኖር የገዛ አገራችንን ታሪክ ይመልከት። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደርግ ቀይ ሽብርን ባካሄደ ጊዜ፣ ወጣቱ የእገሌ ልጅ መባሉ ቀርቶ «አናርኪስት» ወይም «ፀረ አብዮት» ተባለ። ሲገደልም «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ይባል ነበር። ሰው ተገደለ ሲባል የማይደነግጥ የለም፤ እርምጃ ተወሰደ ሲባል ግን ጆሮ ይለምደዋል። የብዙዎች ሬሳ ጽሑፍ ተለጥፎበት በመንገድ ላይ ተጣለ፤ እናቶችም እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። ለቅሶ ስለ ምን ተፈራ? አልቃሽ ሟቹን በስሙ ጠርታ፣ ወገኑንና ደግነቱን ቆጥራ ስለምታለቅስለት ነው። በስሙ የተለቀሰለት ደግሞ ሰው ነው።

በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ያሳተመው በዓሉ ግርማም መጽሐፉ ታግዶ፣ ከሥራው ተባርሮ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ፤ መቃብሩም አይታወቅም። ያ ዓመት በኤውሮፓ አቆጣጠር 1984 ነበር። ነገር ግን «ኦሮማይ» ዛሬም ይነበባል። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም የሟቾቹን ስምና ፎቶግራፍ ለትውልድ ያሳያል። አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ያሉት እውነት ሆነ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ የምንናገር ሰዎች በከዚራም በመጋላም አብረን በምንኖርባት በድሬዳዋ፣ ሰውን በጅምላ በስድብ ወይም በእንስሳ ስም የሚጠራ ቃል ስንሰማ እንደ ቀልድ አንለፈው። በ1969 ዓ.ም. ሬሳ በመንገድ ላይ ከመጣሉ በፊት እንዲህ ያለው ቃል በየአፉ ተለምዶ ነበር። ስለዚህ የባልንጀራችንን ስም እንወቅ፤ በስሙም እንጥራው።