ራም ከመግዛታችሁ በፊት ማዘርቦርዱን እዩ

እሷ፦ ቤት ያለው ዴስክቶፕ ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው ራም ሊገዛ ይሮጣል።

እሱ፦ እኔ ግን ከዲስኩ ጀምሩ ነው የምለው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ገደማ ቢያነብ ነው፤ በዚያው በሳታ ገመድ የሚሰካው ኤስኤስዲ 500 ያልፋል። ትንንሽ ፋይሎች ላይማ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። አሮጌ ኮምፒውተር ነፍስ የሚዘራው ዲስኩ በኤስኤስዲ ሲቀየር ነው።

እሷ፦ ራምስ?

እሱ፦ ማዘርቦርዱ የሚቀበለውን ሳታዩ ብር አታውጡ! ዲዲአር3 ራም በዲዲአር4 ቦታ አይገባም፤ መሰኪያው ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ይለያል።

እሷ፦ ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ እባካችሁ፣ ይቅርባችሁ። መብራት በሚዋዥቅበት ቤት ሲቃጠል ሌላውንም ዕቃ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

እሱ፦ ያገለገለ ራም ከሆነ አልከለክልም፤ ሱቁ ውስጥ በሜምቴስት ፕሮግራም ይፈተሽልኝ በሉ።

እሷ፦ ሻጩ ጊዜ የለኝም ቢልስ?

እሱ፦ ሌላ ሱቅ።