ጠጠሩ ከደቀቀ በኋላ

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጤና ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተማርሁት በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ነው፤ የምሠራውም በልማት ክፍል፥ ከውሃ ጕድጓድና ከዘር ማከፋፈል ጋር ነው። ስለዚህ ጉዳይ እንድናገር ያደረገኝ ነገሩ በራሴ ላይ ስለ ደረሰ፥ በእኔም ጥፋት ሌላ ሰው ስለ ተጐዳ ነው።

የኵላሊት ጠጠር የያዘው ሰው ሕመሙን ያውቀዋል። ከጎድን ሥር ተነሥቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ ቢቀመጡም፥ ቢተኙም፥ ቢቆሙም ዕረፍት አይሰጥም። እኔም ከመስክ ሥራ ላይ ተነሥቼ አዲስ አበባ ሄድሁ፤ ምርመራ ተደረገልኝና ሳልቀደድ ጠጠሩን በማሽን አደቀቁልኝ። በዚያው ቀን ወደ ማረፊያዬ ተመለስሁ። ስወጣ የመድኃኒት ስሞች የተጻፉበት ወረቀት ተሰጠኝ። የትኛው ለምን እንደ ሆነ ማንም አላስረዳኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ተወኝ። “ጠጠሩ ወጣ፤ ዳንሁ” ብዬ እንክብሉን አቋረጥሁ። ከሳምንት በኋላ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ትውልድ አገሬ ስሄድ አጎቴ ጎናቸውን እንደሚያማቸው ነገሩኝ። እኔም፥ “አጋዬ፥ ይህችን ይዋጡ፤ እኔን አድናኛለች” ብዬ የተረፈውን ሰጠኋቸው። የደም ግፊት መድኃኒት እንደሚወስዱ አልጠየቅኋቸውም። ሌሊት ወደ ደጅ ሊወጡ ብድግ ሲሉ ራሳቸውን አዞራቸው፤ ወደቁ፤ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። የጤና ጣቢያው ነርስ ማሸጊያውን አንብባ፥ “ይህ እኮ የሕመም ማስታገሻ አይደለም” አለችኝ። የአጎቴም ሕመም ከወገብ ኖሮ ከጠጠር አልነበረም።

እንግዲህ ያን ጊዜ ያላወቅሁትን፥ በኋላ ጠይቄ የተረዳሁትን ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችን ይህን ሕክምና “በጨረር ማፍረስ” እንለዋለን። ጠጠሩ ያለበትን ቦታ ለማየት ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ይጠቀማሉ፤ ጠጠሩን የሚያደቅቀው ግን ጨረር ሳይሆን ኃይለኛ የግፊት ሞገድ ነው። ሞገዱ ከውጭ በቆዳ በኩል ገብቶ ጠጠሩ ላይ ይሰበሰባል፤ ደጋግሞም ይመታዋል። ማሽኑን የሠራው ዶርኒየር የተባለው የጀርመን የአውሮፕላን ኩባንያ ሲሆን፥ የመጀመሪያው ሰው በዚህ መንገድ የታከመው በሙኒክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

ወገኖች ሆይ፥ ልብ በሉ። ማሽኑ ጠጠሩን ያደቅቃል እንጂ አያወጣውም። ስብርባሪው ከኵላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቀጭን ቱቦ አልፎ በሽንት መውጣት አለበት፤ ይህም ቀናት፥ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ይፈጃል። ስብርባሪው ቱቦው ውስጥ ተደርድሮ መንገዱን የሚዘጋበትም ጊዜ አለ፤ የጀርመን ሐኪሞች ይህን “የድንጋይ ጎዳና” ብለው ሰይመውታል። እኔም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ ሕመም ሲመለስብኝ በራጅ የታየው ይኸው ነበር።

መድኃኒቶቹ የሚረዱት በዚህ ጕዞ ላይ ነው። ሦስቱን በየተራ እንያቸው።

አንደኛው የሕመም ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክንና እርሱን የመሰሉት ለጠጠር ሕመም በእጅጉ ይረዳሉ። ሆኖም የጨጓራ ቍስል ላለበት፥ ኵላሊቱ ለደከመና ለነፍሰ ጡር ጉዳት ስላላቸው ሐኪም ሳያውቅ አይወሰዱም። አስፕሪን ደግሞ ደምን ስለሚያቀጥን ለዚህ ሕመም ከሱቅ ገዝታችሁ አትዋጡ። ለልብ ታዞላችሁ የምትወስዱት ከሆነ፥ መቼ አቁማችሁ መቼ እንደምትጀምሩ ሐኪማችሁ ይንገራችሁ።

ሁለተኛው ለአጎቴ የሰጠሁት ታምሱሎሲን ነው። መጀመሪያ የወጣው የፕሮስቴት እጢ ላበጠባቸው ወንዶች ነበር። የቱቦውን ጡንቻ ያላላል፤ ስለዚህ ስብርባሪው በቀላሉ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በቀን አንድ ጊዜ 0.4 ሚሊግራም፥ ከምግብ በኋላ፥ ለጥቂት ሳምንታት ነው። እንክብሉ ሳይከፈትና ሳይታኘክ ይዋጣል። ታዲያ ይጠቅማል ወይ? ኮክሬን የተባለው የጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ 40 ጥናቶችን መርምሮ፥ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ከማሽኑ ሕክምና በኋላ የብዙ ሰዎች ጠጠር ተጠርጎ እንዲወጣ፥ ጥቂት ቀናትም እንዲፈጥን ሊረዳ እንደሚችል ገልጿል፤ የማስረጃው ጥንካሬ ግን ዝቅተኛ ነው ብሏል። እንግዲህ ረዳት እንጂ ተአምር አይደለም። የደም ግፊትን ዝቅ አድርጎ ራስን ሊያዞር ይችላል፤ ስለዚህ ከመኝታ ስትነሡ ቀስ ብላችሁ፥ ጥቂት ተቀምጣችሁ ተነሡ። በወንዶች ላይ የዘር ፈሳሽ መቀነስ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ሲያቆሙት ይመለሳልና አትደንግጡ። የዓይን ሞራ ለማስገፈፍ የተዘጋጀ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን እንደ ወሰደ አስቀድሞ ለዓይን ሐኪሙ ይናገር።

ሦስተኛው አንቲባዮቲክ ነው። ይህ ለሁሉ አይሰጥም፤ ሽንቱ ውስጥ ኢንፌክሽን ለተገኘበት ወይም ሐኪሙ ለሚያሰጋው ሰው ነው። “ለማንኛውም” ብላችሁ ከመድኃኒት ቤት አትግዙ፤ ከታዘዘላችሁ ደግሞ በመካከል አታቋርጡ።

ከሁሉ በላይ ግን ውሃ አለ። ሽንታችሁ ነጣ እስኪል፥ በቀን 2 እስከ 3 ሊትር ያህል ጠጡ። የልብ ወይም የኵላሊት ድካም ያለበት ሰው መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ቆላ የምትሠሩ ባልደረቦች፥ ላብ ስለሚወስድባችሁ ከዚህም በላይ ያስፈልጋችኋል። በጾም ጸሎት ቀን ያለ ውሃ መዋል የለመዳችሁም፥ በእነዚህ ሳምንታት ውሃውን አትተዉ፤ ሽማግሌዎችም ይህን ለታመመው ወንድም በግልጽ ንገሩት፤ ያፈረ እንዳይመስለው። በስስ ጨርቅ ላይ ሽኑ፤ የወጣውን ጠጠር አጥባችሁ ወደ ላቦራቶሪ ውሰዱ። ሐኪሙ ዓይነቱን ካወቀ እንዳይመለስ የሚረዳውን መድኃኒት፥ ለምሳሌ ፖታሲየም ሲትሬትን፥ ለሚስማማው ሰው ሊያዝ ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ሽንት ቢቀላ የተለመደ ነው። ነገር ግን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፥ ሽንት ከቆመ፥ የረጋ ደም ከበዛ፥ ሕመሙ በማስታገሻ ካልታገሠ ወይም ራስን የሚያስት ድካም ከተሰማ ለነገ አትበሉ። ትኩሳት ከተዘጋ ቱቦ ጋር ከሆነ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የፕሮጀክት መኪና በአካባቢው ካለ፥ ለዚህ ሌሊትም ቢሆን ይነሣ።

እኔ መድኃኒቱን እንደገና እንደ ታዘዘልኝ ወሰድሁ፤ ውሃውንም ጠጣሁ፤ ስብርባሪው ከብዙ ቀናት በኋላ በጨርቁ ላይ ተገኘ። ሕመም ስለ ተወኝ ብቻ ወጥቷል ማለት እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ ተመልሶ መታየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

አጎቴን ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እጃቸው በጀሶ ታስሮ ተቀምጠው አገኘኋቸው። “ልጄ፥ ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ስሙን እንኳ ሳትነግረኝ ሰጠኸኝ” አሉኝ። እውነት ነው። ስሙን ብጠይቅ ኖሮ ለምን እንደ ሆነ እጠይቅ ነበር፤ ለምን እንደ ሆነ ባውቅ ኖሮ ለእርሳቸው አልሰጥም ነበር።

ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ ወረቀቱን ይዛችሁ ብቻ አትውጡ። ይህ ምንድን ነው? ለምንድን ነው? እስከ መቼ ነው? ከሌላው መድኃኒቴ ጋር ይስማማል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ማንበብ የማይችል ዘመድ ያላችሁ አብራችሁት ሂዱ። የተረፈውንም ለጎረቤት አትስጡ። ለታመመው ጎረቤት ልትሰጡት የምትችሉት መልካም ነገር ወደ ጤና ጣቢያ አብሮ መሄድ ነው።